የእትዬ ኩርፊያ ዝምታ

«ይሄ ልጅ በገዛ ድምፁ ሲናገር ሰምተሽው ታውቂያለሽ?»

«ኧረ እኔ እንጃ! ምናልባት ክንዱ የተሰበረ ለታ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት ሴቶች ናቸው የሚያወሩት። አንዷ የልብስ ሰፊዋ እናት ናት፤ ሁለተኛዋ ጎረቤት ትሁን አክስት፣ ልብስ ሰፊዋ ዛሬ እቅጩን አታስታውሰውም። ያኔ ገና ትንሽ ነበረች፤ ተኝታለች ብለው ነው ድምፃቸውን ያልቀነሱት። ወሬው ስለ ታላቅ ወንድሟ ነው። ታላቅ ወንድሟ ከጠዋት እስከ ማታ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሲያስመስል የሚውል፣ ሰው አልበቃው ብሎ የጎረቤት በር ሲጢጥ ሲል ሳይቀር የሚደግም ልጅ ነበር። ሴቶቹ ከዚያ በኋላ ምን ተባባሉ? ሳቁ ወይስ አዘኑ? እንቅልፍ ጣላትና አልሰማችም።

ይህን ያህል ዘመን የት ተደብቆ እንደቆየ እንጃ፣ ይኸው ዛሬ የመድረኩን ዘንጎች እያገጣጠመች ሳለ ድንገት ትዝ አላት።

«ጋሼ፣ ያን ጫፍ ያዝልኝ» አለችው።

ወንድሟ ከበርጩማው ተነስቶ የመጋረጃውን ጫፍ ያዘላት። አፉን ከፈት አደረገና እሷ በዐይኗ ስትቆጣው መልሶ ገጠመው። ከሐሙስ ጀምሮ በቤታቸው የሚነገረው በዐይን ነው።

መድረክ ይባል እንጂ አራት ዘንግና አንድ ጥቁር ጨርቅ ናት። ቦታው በሕንፃዎቹ መሀል ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ዛሬ የሰፈሩ የልጆች ቀን ስለሆነ መኪኖቹ ወጥተውለታል። ወዲያ ማዶ የጆንያ ሩጫ መስመር በኖራ ተሰምሯል። በጥላው በኩል ሁለት ወጣቶች የልጆችን ፊት ድመትና ነብር እያደረጉ ይቀባሉ። መሀል ላይ ደግሞ በአየር የተነፋ የፕላስቲክ ቤተ መንግሥት ቆሞ ልጆች ይዘሉበታል፤ የሚነፋው ሞተር ከመድረኳ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ያለማቋረጥ ይጮኻል።

ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ወደ ላይ ዘርግታ መጋረጃውን ስታስር ትከሻዋ እንደ ክር ብጥስ የሚል መሰላት። ስድስቱን ቀን የስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ፣ ሰባተኛውን ቀን ክንዷን ሽቅብ ሰቅላ መዋል ነው ኑሮዋ። ደክሟታል። ደክሞኛል ማለትም ደክሟታል።

የሁለቱ ሥራ እንዲህ ነው። እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ አሻንጉሊቶቹን በእጇ ለብሳ ታንቀሳቅሳለች፤ እሱ እግሯ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያናግራቸዋል። በቀኝ እጇ እትዬ ኩርፊያ አለች፤ በሆነው ባልሆነው የምታኮርፍ፣ ከንፈሯ የተንጠለጠለ አሮጊት። በግራ እጇ ዳተኛው አህያ አለ። ጨዋታው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እትዬ ኩርፊያ ታኮርፋለች፣ አህያው ነገር ያባብሳል፣ ልጆቹ ያባብሏታል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቃል አይደለም፤ ትንፋሽ ነው። ወንድሟ ሊናገር ሲል አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ እሷ ያንን ትሰማና የአሻንጉሊቷን አፍ ትከፍታለች። ለዓመታት አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

ነገሩ የተበላሸው ከወር በፊት ነው። ድምፁ ሲሻክር፣ ሲሻክር ቆየና ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ ጉሮሮውን አየችና «ድምፅዎን ያሳርፉ፤ ለአንድ ወር ያህል ምንም እንዳይናገሩ» አለችው። እሱም ቃሉን ጠበቀ፤ በራሱ መንገድ። በማግሥቱ ቁርስ ላይ «ስኳሩን ወዲህ በሉት፣ እናንተ ርኅራኄ የሌላችሁ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የእትዬ ኩርፊያ ድምፅ ነው። የልብስ ሰፊዋ ልጆች በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ወዲያ ሻዩንም ውሃውንም፣ የጠፋ ካልሲውንም በእትዬ ኩርፊያ ድምፅ ይጠይቅ ጀመር። ቁልፍ በሚቀርጽባት ሱቁም ደንበኛ የሚያስተናግደው በእሷው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ለቤቱ ሠርግ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ባሏ ማንኪያውን አስቀመጠና «ይቺ አሮጊት መቼ ነው ወደ ቤቷ የምትሄደው?» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ግን አልከለከለችውም። እውነቱን ለመናገር እሷም አምናዋለች። ይህን ሁሉ ዓመት ያ ድምፅ ከእግሯ ሥር ተነስቶ በቀኝ እጇ በኩል ሲወጣ ነው የምታውቀው፤ የወንድሟ ነው ብላ አስባ አታውቅም። የእትዬ ኩርፊያ ነው። እትዬ ኩርፊያ ደግሞ አልታመመችም።

ሐሙስ ዕለት ሐኪሟ ዳግመኛ አየችውና ግንባሯን ቋጠረች።

«አላሳረፉትም።»

«እንዴት አላሳረፍኩም?» አለ በዚያችው አሮጊት ድምፅ። «የእኔ ድምፅ ከወር ወዲህ ከቤት ወጥቶ አያውቅም!»

«ታዲያ አሁን የሚያናግረኝ ማነው?»

«እትዬ ኩርፊያ ናት።»

ሐኪሟ ወደ እህቱ ዞረች። እህቱ የምትገባበት ጠፋት።

«ጉሮሮው እኮ አንድ ነው» አለች ሐኪሟ፣ ቀስ ብላ፤ አልሳቀችም። «እንዲህ ተጨምቆ የሚወጣው እንዲያውም ከተራው ንግግር የበለጠ ይጎዳል። ያበጠው ነገር አድጓል። ረቡዕ የቀዶ ሕክምና ቦታ አለኝ፤ እስከዚያ አንድ ቃል እንዳይወጣዎት። ከሕክምናው በኋላ ድምፅዎ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል፤ አልዋሽዎትም። ካልታከሙ ግን ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል፤ ሊከፋም ይችላል። እስከ ሰኞ ጠዋት ያሳውቁኝ፤ አለዚያ ቦታውን ለሌላ ሕመምተኛ መስጠት አለብኝ።»

«ሰኞ ሩቅ ነው» አለ እሱ፣ አሁንም በአሮጊቷ ድምፅ።

«ጋሼ!» አለች እህቱ።

እስከ ሰኞ ጠዋት። ዛሬ እሑድ ነው፤ እሱ ገና አልወሰነም። ዛሬ አንሄድም ብትለው ከሁሉ ቀድሞ ተነስቶ፣ አሻንጉሊቶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። የምትከራከርበት አቅም አልነበራትም። በልቧ ብቻ «አንተው ታውቃለህ» አለች ለፈጣሪዋ፤ ከዚህ የረዘመ ጸሎት ካደረሰች ሰንብታለች።

አስተባባሪዋ ፊኛ ታቅፋ መጣች። የሰፈሩን በዓል የምታሰናዳ፣ ስትናገር የምትሮጥ የምትመስል ወጣት ናት።

«ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ! ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ እትዬ ኩርፊያን እያሉ አስጨንቀውኛል። ያው ሞተሩ ትንሽ ይጮኻል፤ ማጥፋት አልችልም፣ ካጠፋሁት ቤተ መንግሥቱ ልጆቹ ላይ ይተኛል። እርስዎ ብቻ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉልኝ፣ እሺ?»

ጋሼ አውራ ጣቱን አሳያት። እህቱ መጋረጃውን ጨብጣ ቀረች።

ልጆቹ ምንጣፉ ላይ እስኪሰበሰቡ ድረስ ሁለቱ ከጨርቁ ጀርባ ተፋጠጡ።

«አትናገርም» አለችው በሹክሹክታ።

እጁን ዘርግቶ ወደ ልጆቹ ጠቆማት።

«አይቻቸዋለሁ። ቢሆንም አትናገርም። እኔ እሞክራለሁ፤ ድምፅሽ ቀጭን ነው ብትለኝም እሞክራለሁ።»

ያን ጊዜ አላስቻለውም። «አንቺ እጅ ነሽ!» አለ። የወጣው የአሮጊቷ ድምፅ አልነበረም፤ አሸዋ የሚፈጭ ነገር ነው። ራሱም ደነገጠ። ፊቱን ወደ መሬት ጥሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

ልብስ ሰፊዋ እጆቿን አሻንጉሊቶቹ ውስጥ ከተተች። ልጆቹ ማጨብጨብ ጀምረዋል።

እትዬ ኩርፊያ ጭንቅላቷን ብቅ ስታደርግ ጩኸቱ ቀለጠ። ከታች አየር ሲሳብ ተሰማ፤ አፏን ከፈተችላት።

«ምን ትጮኹብኛላችሁ! ደንቆሮ አደረጋችሁኝ እኮ!»

ድምፁ ተሰንጥቋል፤ ቢሆንም መጣ። ልጆቹ ሳቁ። አህያው በግራ በኩል መጣና አሮጊቷ ላይ ተደገፈ። እሷ ገፋችው። እንደገና ተደገፈ። ከታች ትንፋሽ ተሳበ፤ አፏን ከፈተች።

ምንም።

እትዬ ኩርፊያ አፏን በሰፊው ከፍታ ቀረች። እህቱ ጆሮዋን ወደ ታች ጣለች። ወንድሟ እንደገና ሳበ፤ ደረቱ ሲሞላ ሰማችው። ከዚያም እንደ ጎማ ቀዳዳ ሲስ የሚል አየር ብቻ ወጣ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከረ። ከሞተሩ ጩኸት በስተቀር የሚሰማ ነገር የለም። ልብስ ሰፊዋ «እኔ ልናገር» ብላ አሰበች፤ ግን ያን ድምፅ አውጥታ አታውቅም። ማድረግ የቻለችው የአሮጊቷን አፍ ቀስ አድርጎ መግጠም ብቻ ነው። ገጠመችው። ከዚያም ሌላ የምታደርገው ነገር ስላጣች ፊቷን ከልጆቹ አዞረቻት።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ወይኔ!» አለ አንድ ልጅ። «አኩርፋለች።»

«እንዲህ አኩርፋ አታውቅም!»

«በአንተ ነው። ስትገፋኝ አይታሃለች።»

«አልገፋሁህም!»

«በል ይቅርታ በላት!»

«እትዬ፣ ይቅርታ። እሱ ነው ግን።»

ልብስ ሰፊዋ የአሮጊቷን አንድ ትከሻ ብቻ፣ ትንሽ፣ ሽቅብ ነቀነቀችው። ምንጣፉ በሳቅ ተናወጠ። እትዬ ኩርፊያ ስትሳደብ ኖራ እንዲህ ስቀው አያውቁም። አህያው ቀስ ብሎ ከኋላዋ መጥቶ በአፍንጫው ነካ አደረጋት። ትከሻዋ ደግሞ ተነቃነቀ።

ልጆቹ ከተቀመጡበት ተነስተው ወደ መድረኩ ቀረቡ። ፊኛ አመጡላት፤ አላየችውም። አንዱ የገመጠውን ብስኩት ዘረጋላት፤ አየችና መልሳ ዞረች። አንዱ ጫማውን አውልቆ ሰጣት፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም። ሌላዋ ትምህርት ቤት የተማረችውን መዝሙር ጀምራ መሀሉ ጠፋትና «ላላላ» እያለች ጨረሰችው። ቤተ መንግሥቱ ላይ ሲዘሉ የነበሩት ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እየመጡ «ምን ሆናለች?» ይላሉ፤ «ዝም በል፣ አኩርፋለች!» ይባላሉ።

ከእግሯ ሥር በርጩማው ተንቋቋ። ልብስ ሰፊዋ ቁልቁል ስትመለከት ወንድሟ የለም። በጨርቁ ቀዳዳ አጮልቃ አየች። ጋሼ በመድረኩ ጀርባ ወጥቶ፣ ከልጆቹ ወዲያ አንድ የውሃ ታንከር አጠገብ ቆሟል። ይህን ሁሉ ዓመት ከጨርቅ ጀርባ ተቀምጦ የኖረ ሰው፣ የራሱን ጨዋታ ከፊት ለፊት ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ግን ደስታ አይደለም።

ክንዷ ዝሏል። ማውረድ አትችልም። በመጨረሻ ፊቷን ድመት ያስቀባች አንዲት ትንሽ ልጅ ከሁሉ በኋላ መጣች። በእግሯ ጣት ቆማ ተንጠራርታ አፏን ወደ እትዬ ኩርፊያ ጆሮ አስጠጋች። የእትዬ ኩርፊያ ጆሮ የልብስ ሰፊዋ አንጓ ነው፤ የልጅቷ ትንፋሽ ቆዳዋ ላይ አረፈ። የተናገረችውን ከልብስ ሰፊዋ በቀር የሰማ የለም።

አሮጊቷ ቀስ ብላ ዞረች። ልጅቷን አየቻት። ከዚያም ራሷን ዝቅ አድርጋ የልጅቷ መዳፍ ላይ አስተኛችው፤ ልጅቷም ሌላ እጇን አምጥታ ሸፈነቻት። ጭብጨባው ሲፈነዳ ልብስ ሰፊዋ ከጨርቁ ጀርባ ግንባሯን ዘንጉ ላይ ደግፋ ቆማ ነበር።

ቀሪው እንደ ሁልጊዜው ነው። ልጆቹ ተበተኑ፣ የጆንያው ሩጫ ተጠራ። ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን ስትፈታ አስተባባሪዋ እየበረረች መጣች።

«ጋሼ! ይሄን የዝምታውን ነገር እንዴት አሰባችሁት? ጉድ እኮ ነው! ከሞተሩ ጋር መታገል ቀረ! ከሦስት ሳምንት በኋላ የታችኛው ሰፈር ሰዎች የልጆች ቀን አላቸው፤ አሁን ደውዬላቸው 'ዝም የምትለዋን አምጡልን' አሉኝ።»

ጋሼ ፊቱን አዞረ። አስተባባሪዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ እህቱን አየች።

«ደክሞት ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እንነጋገርና እንነግርሻለን።»

ዕቃቸውን ይዘው አውቶቡስ ማቆሚያው ደረሱ። አግዳሚው ላይ እሱ በአንደኛው ጫፍ፣ እሷ በሌላኛው ጫፍ ተቀመጡ፤ መሀላቸው ዘንጎቹ ተኝተዋል። ጋሼ ከንፈሩን ጥሎ መንገዱን ያያል። ብታየው ብታየው ሌላ ሰው አይደለም፤ ቁርጥ እትዬ ኩርፊያ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ በሞተች።

«አላስፈለግኳቸውም» አለ በመጨረሻ፤ ቃሉ ግማሹ አየር ነው።

«አትናገር አልኩህ እኮ!»

እጁን ወረወረ። ምን ቀረኝ ብዬ ነው የማልናገረው ማለቱ ነው።

«ስማኝ ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም፣ ከፍ የሚያደርገው ጉልበት የለም። «ዛሬ አላባብልህም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳባብልህ ኖሬያለሁ። ምሳ አልበላም ስትል፣ ሚስትህ ስትሞትብህ፣ እንግዳ አልጨብጥም ስትል፣ ሁሌ እኔ ነኝ። ደስ እያለኝ ነው ያደረግኩት፤ አልቆጥርብህም። ዛሬ ግን ክንዴ እንኳን አልነሳ ብሎኛል። ማኩረፍ ከፈለግህ አኩርፍ። እኔ ግን ዝም ብለህ እንድትሞትብኝ አልፈልግም።»

አልዞረም። አውቶቡስ መጣ፤ የእነሱ አይደለም፤ ሄደ።

«ያቺ ድመት የተቀባችው ልጅ ምን እንዳለች ልንገርህ?» አለች። «ለማባበል አይደለም። የሰማሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው። ለራሴ ብቻ ይዤው መቅረት አልፈልግም።»

ጭንቅላቱ ጥቂት ወደ እሷ ተመለሰ።

«'ካልፈለግሽ አትናገሪ፤ ግድ የለም' አለቻት። 'ብቻ አትሂጂብን።'»

ጋሼ በአውራ ጣቱ የአንድ ዐይኑን ጥግ ጠረገ፣ ሌላውንም። እህቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየችለት። የታችኛው ሰፈርም፣ ሐኪሟም፣ ነገ ጠዋት የምትሰፋበት ሱቅ ገብታ ከአሠሪዋ የምትጠይቀው ፈቃድም በራሷ ውስጥ ተራ በተራ ይመላለሳሉ።

«ለሐኪሟ ልደውልላት?» አለችው። «ረቡዕ ይመጣል ልበላት?»

አልደገመችለትም። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ በፊታቸው አለፈች። ከዚያ ጋሼ ተነስቶ፣ ሁልጊዜ እሷ የምትሸከማቸውን ዘንጎች ትከሻው ላይ አደረገ፤ ጭንቅላቱንም ነቀነቀ።

«እሺ ማለት ነው?»

ነቀነቀ።

«እስከዚያ ደግሞ አንድ ቃል የለም። በእትዬ ኩርፊያም ቢሆን።»

ቅር አለው፤ ግን ነቀነቀ። ትንሽ አሰበ። ከዚያም ነፃውን እጁን ወደ ላይ አንስቶ ሁለት ጣቶቹን ከራሱ ላይ እንደ ጆሮ ቀጥ አደረጋቸውና፣ ቅንድቡን ሰቅሎ አያት።

«በአህያውም አይቻልም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ጋሼ ጣቶቹን አጠፈ። በረዥሙ ተነፈሰ። «እሺ» አላት፣ በጭንቅላቱ።